የሮብሌ ጉንጭ

ልጄ ሂቦና ሮብሌ የተገናኙት እኔ በሰፋሁት ሰው ምክንያት ነው።

ሰው ስል የጨርቅ ሰው ነው። ሂቦ እዚህ ጅቡቲ፣ ባልባላ ሰፈር ካለ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ስለ ዕጢዎች ልታስተምር ስትሰናዳ ወደ ስፌት መኪናዬ መጥታ ቆመች።

«እማ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ደብዝዟል። ልጆቹ በእጃቸው የሚነኩት ዕጢ ስፊልኝ።»

«ዕጢ? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። ሁላችንም አለን። ስናለቅስ እንባው፣ ሲሞቀን ላቡ፣ ሲርበን ምራቁ፣ ስትወልጂ ወተቱ፣ ይሄ ሁሉ ከየት የሚመጣ ይመስልሻል?»

እኔ የማውቀው በጎረቤት አንገት ላይ የሚወጣውን፣ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወራለትን ነው። ቢሆንም ሰፋሁ። እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ትንንሽ ከረጢቶች፤ ከየከረጢቱ የሚወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች፤ ቱቦዎቹ ተገናኝተው አንድ ይሆኑና ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ከረጢቶቹን ከሙሽራ ልብስ ትራፊ ሠራኋቸው፤ ቱቦዎቹን ከሰማያዊ ጥብጣብ። የእንባው ከቅንድብ ጀርባ፣ የምራቁ ከጆሮ ፊትና ከምላስ ሥር፣ የላቡ በቆዳው ሁሉ ላይ።

«ሌላ ዓይነትም አለ» አለችኝ ሂቦ። «ቱቦ የሌለው። የሚሠራውን ሁሉ በቀጥታ ደም ውስጥ ይጨምረዋል፤ ወደ ውጭ ምንም አይወጣም።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አልኳት። «አባትሽ ነው።»

ባሌ ዳሂር እንዲህ ነው። ደስታውም ንዴቱም ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

የጨርቁን ሰው በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው፣ ከኤሲው ሥር ሰቀለችው። በማግስቱ ጠዋት ስትገባ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ግንባሩን ያርሰዋል። ከላይ መሰላል ላይ አንድ ወጣት ቆሟል።

«አንተ! ሰውዬዬን አራስክብኝ!»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየ። «የቱን ሰውዬ?»

«ይሄን!»

«አስተግፊሩላህ! ቆዳውን ማን ገፈፈው?»

«ዕጢዎቹ እንዲታዩ ነው። ለተማሪዎች ነው።»

«ይቅርታ በይልኝ። ግን እኔ አይደለሁም፤ ኤሲው ነው። የውሃ መውጫው በአቧራ ተዘግቷል። ውሃው መውጫ ሲያጣ የት ይሂድ? ሰውዬሽ ላይ አለቀሰ።»

ቱቦውን አውልቆ በአፉ ነፋው፤ ጥቁር ጭቃ ወጣ። ኻምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ መንፈስ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ላቡ ከግንባሩ እስከ አገጩ ይወርዳል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ሂቦ ሳቋን ያዘች።

«አንተም ጠጋኝ ያስፈልግሃል፤ ታፈሳለህ።»

«ታዲያ የኔ ቱቦዎች አልተዘጉም ማለት ነው።»

«የላብ ዕጢ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አለህ፤ ታውቃለህ?»

«እኔ?» መሰላሉን ይዞ ደረቱን አየ። «ሀብታም ነኛ!»

ኤሲው ዳነ። ሮብሌ ግን በማግስቱ ተመለሰ። «ደህና መሆኑን ልይ ብዬ ነው» አለ። ኤሲውን ይሁን ሰውዬውን አልተናገረም። ሂቦም አልጠየቀችውም።

ስሙን ቤት ውስጥ ስታነሳ ድምጿ ስለሚቀጥን ወዲያው ገባኝ።

«ከመሰላል ይወድቃል» አልኳት።

«እስካሁን አልወደቀም።»

«ኤሌክትሪክ ይይዘዋል።»

«እማ!»

«ይቅማል?»

«አይቅምም። መሰላል ላይ የሚውል ሰው ምርቃና አያዋጣውም ይላል።»

ይህን ጥያቄ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሂር ታናሽ ወንድሙን ዒጌን በጫት ነው ያጣው። መጀመሪያ ሥራው ሄደ፣ ከዚያ ሚስቱ፣ ከዚያ ጤናው፣ በመጨረሻ ራሱ። የቀበሩት ዕለት ዳሂር መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ማለ፤ ጉንጩ የተወጠረ ወንድ በበሬ ገብቶ ልጄን አይወስዳትም አለ። ቀትር ላይ የጫት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባ ከተማው በሙሉ ነፍስ በሚዘራበት በእኛ በጅቡቲ፣ ከሰዓት በኋላ ጉንጩ ያልተነፋ አማች ፈልጎ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ አስተማሪ መጥቶ ነበር፤ አባቷ ገና ከበሩ መለሰው። ልጄ ቆማ ትቀራለች ብዬ ስንቱን ሌሊት በስጋት አነጋሁት።

ሂቦና ሮብሌ ፀሐይዋ ስትበርድ በባሕሩ ዳር ይሄዱ ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ገዛች። እሱ የራሱን ይዞ በረዶው እስኪያልቅ አልቀመሰውም።

«አትጠጣም?»

«ሎሚ አይስማማኝም።»

«ሎሚ የማይስማማው የጅቡቲ ሰው ዛሬ አየሁ።»

«አንቺ ከተስማማሽኝ ይበቃኛል።»

ሂቦ አንገቷን ደፋች። ሮብሌ ማለት በሶማልኛ ባለ ዝናብ ማለት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ስለተወለደ ነው። እዚህ አገር ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፤ ከብዙ ጊዜ አንዴ ብቅ ይላል። እናቱ በሕይወት ሳለች «አንተ ከተጠበቀ ነገር ጋር የመጣህ ነህ» ትለው እንደነበር ነገራት። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጁ ወደ እጁ እያዛወረ፣

«አባትሽ ጋ ልምጣ?» አላት።

ባሕሩን አየች፤ ጀልባዎቹን አየች፤ በመጨረሻ እሱን አየችው።

«ዓርብ ና።»

ዓርብ ከጸሎት በኋላ መጣ። ወላጆቹ ስለሞቱ ያሳደገችው አክስቱ ካልቱን አብራው ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሷ እንደ መርፌዬ የሚወጋ። እኔ ለሁለት ተሰንጥቆ በበርበሬ የተጠበሰ ዓሣና ከምድጃ የወጣ ስስ ቂጣ አቀረብኩ። ዳሂር እንኳ ፈገግ ብሎ ነበር። ስለ ኤሲ ጠየቀው፤ ሮብሌም በአክብሮት መለሰ። ይህን ያህል ሰላም ሳይ አንድ ነገር እንደሚመጣ አወቅሁ። እኔ ሁልጊዜ አውቃለሁ።

ሎሚውን ቆርጬ ዓሣው ላይ ጨመቅሁት። ሮብሌ ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ግራ ጉንጩ ሲነሳ፣ ሲነሳ፣ ሲወጠር አየሁ። ዳሂርም አየ። ቂጣውን አስቀመጠ። የእጁን ፍርፋሪ አራገፈ።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«አፍህን ክፈት።»

በእኛ ዘንድ አፉ ተከፍቶ የሚታየው በገበያ ላይ ያለ ግመል ነው፤ ጥርሱ እንዲመረመር። ለእንግዳ፣ ያውም በማዕድ ላይ፣ እንዲህ አይባልም።

ሮብሌ እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ። ሂቦን አያት፤ ዓይኑ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር እንጂ ሐፍረት አልነበረም። ከዚያ አቀረቀረ።

«አልከፍትም፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ተነሥቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ካልቱን ሻሿን እየጠቀለለች ተከተለችው፤ በሩ ላይ ግን ዞረች። «ዳሂር! እናትና አባት የለውም ብለህ ነው? ግመል ነው ልትገዛ የጠራኸን? ሐላችንን ትከፍላለህ!»

ሐል የተዋረደ ሰው የሚካስበት የክብር ካሳ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦበት ይቆረጣል። ዳሂርም ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰላት።

«አፉ ባዶ ከነበረ፣ ወላሂ፣ የጠየቃችሁትን እከፍላለሁ! የጫት ገራባ ካለበት ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ!»

ሂቦ ወደ ስፌት ክፍሌ ገብታ የጨርቅ ክምር ላይ ተደፋች። የጨርቁ ሰው ትምህርቱ ስላለቀ ቤት ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ዋሸኝ፣ እማ። ዓይኔን እያየ ዋሸኝ።»

«ልጄ፣ ጫት አይደለም።»

«አየሁት እኮ!»

«እኔም አይቻለሁ። ጫት አይደለም፤ የከፋ ነው።»

እንባዋን በእጇ ጠርጋ ቀና አለች።

«ቃሚ የሚይዘው እዚህ፣ ከጥርሱ ጎን ነው» አልኳት። «የሱ ያበጠው ከጆሮው ፊት ነው፤ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይ ገፍቶታል። ሲገባ ደግሞ አልነበረም። ሎሚውን ስጨምቅ፣ ገና ሳይጎርስ ነው የመጣው። እኔ ሰው ሲበላ በሽታውን ነው የማየው፤ ታውቂኛለሽ። ልጁ ሊሞትብሽ ነው፣ ሂቦ።»

ሂቦ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ ጨርቁ ሰው ሄደች፤ ጣቷን ከጆሮው ፊት አሳረፈች።

«እዚህ ጋ?»

«እዚያ ጋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አሁንም ይታየኛል።»

መሳቅ ጀመረች። ሳቁና እንባው ተቀላቀለባት። «እማ! ይሄን እኮ ራስሽ ነሽ የሰፋሽው!»

አንድ መርፌ አንስታ ሰማያዊውን ጥብጣብ መሐሉ ላይ ወጋችው። «ሰው ሎሚ ሲያይ ይህ ዕጢ ምራቁን ያፈሳል። ቱቦው ጉንጩን አቋርጦ ከላይኛው መንጋጋ አጠገብ ይከፈታል። አሁን እዚህ ጋ አንድ ነገር ዘጋው እንበል። ምራቁ መውጫ ሲያጣ የት ይሂድ? ዕጢው ራሱ ይነፋል። ምግቡ ሲያልቅ ደግሞ ቀስ እያለ ይሟሽሻል።»

«ምኑ ነው የሚዘጋው?»

«ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ምራቅ ውስጥ ያለው ነገር እየጠጠረ ይሠራዋል።»

«ያ ረቢ! ድንጋይ በልጁ ፊት ውስጥ!» አልኩ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ካሰብኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

በማግስቱ አብረን ሄድን፤ ብቻዋን አልሰዳት። ሮብሌ ወርክሾፑ ውስጥ፣ በተፈታቱ ኤሲዎች መሐል ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሣ። ጉንጩ ጠፍጣፋ ነበር።

«ሎሚ አይስማማኝም ያልከኝ ለምንድነው?» አለችው ሂቦ፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

እኔን ላለማየት እየሞከረ ተናገረ።

«አባቴን የገደለው አንገቱ ላይ ያበጠው ነገር ነው። የኔ ሲጀምር ያ ነው አልኩ። ሐኪም ጋ ብሄድ ስሙን ይነግረኛል። ስሙን ካልሰማሁት የለም ብዬ ነው የተውኩት።»

ያኔ ነው ልጁን የወደድኩት። እኔም የምፈራውን ነገር እንዲህ ነው የምይዘው።

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ጫት ነው ብለሽ ብትጠዪኝ ይሻላል አልኩ። ቢያንስ አታለቅሺልኝም።»

«አለቀስኩ እኮ።»

«በንዴት ነዋ።»

«በንዴትም ቢሆን ዕጢው አንድ ነው፣ ሮብሌ።»

ተያዩ። እኔ አንድ የተሰበረ ማራገቢያ አንስቼ ሳገላብጥ ቆየሁ።

ከዚያ ሂቦ ቀረብ ብላ፣ አባቷ ያለውን ያንኑ ቃል፣ ሕፃን እንደምታባብል ሆና ተናገረችው።

«አፍህን ክፈት።»

ሮብሌ እሷን አየ፤ እኔን አየ፤ ከፈተ። በስልኳ መብራት ጉንጩን ከውስጥ አየችው።

«አለ! የቱቦው አፍ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። እማ፣ ነይ እይው!»

«እኔ አላይም!» አልኩና አየሁት።

«ኤሲ ሆንኩ ማለት ነው?» አለ ሮብሌ፣ አፉን ገና ሳይዘጋ።

«የተዘጋ ኤሲ።»

ሐኪሙም መርምሮ ያንኑ አለ። ውሃ በብዛት ጠጣ፣ ሎሚ ምጠጥ፣ ከጆሮህ ወደ አፍህ አቅጣጫ እየገፋህ እሸው፤ ካልወጣ ተመለስ፣ እኔ አወጣዋለሁ። የሕመሙን ስምም ነገረው፤ እንደፈራው አልነበረም። እኔ «እርግጠኛ ነዎት?» እያልኩ ደጋግሜ ስጠይቅ ሐኪሙ የታመምኩት እኔ መስዬው ወንበር ሰጠኝ።

የሚቀጥለው ዓርብ ሮብሌ፣ ካልቱንና አንድ ነጭ ጢማም ሽማግሌ ሐሉን ሊጠይቁ መጡ። ዳሂር እንደ ደንቡ ተቀበላቸው፤ ፊቱ ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነበር። ሮብሌ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከኪሱ ሎሚ አወጣ፤ በቢላዋ ከፈለው።

«አባባ፣ ባለፈው አፍህን ክፈት ብለውኝ ነበር። ፈርቼ ነው እንጂ ንቄዎት አይደለም። ዛሬ ልከፍት መጣሁ።»

ሎሚውን መጠጠ። ሁላችንም ጉንጩን እናያለን።

«ወላሂ፣ የኔም ምራቅ መጣ» አሉ ሽማግሌው።

ጉንጩ ተነሣ፤ ተወጠረ። ካልቱን በተመስጦ ጉልበቷን መታች። ሮብሌ አፉን ከፈተ። ሂቦ ለአባቷ የእጅ ባትሪ ሰጠችው። ዳሂር ተንበርክኮ አየ። በቀኝ አየ፣ በግራ አየ፣ ከምላሱ ሥር አየ። ቅጠል የሚባል የለም።

«አባ» አለች ሂቦ፣ «አውራ ጣትህን ከጆሮው ፊት አድርግና ወደ አፉ ግፋው። ቀስ ብለህ።»

ዳሂር ጣቱን ያን ጉንጭ ላይ አደረገ። ገፋ፤ እንደገና ገፋ። ሮብሌ ዓይኑን ጨፈነ። ልቡ ይቆማል ብዬ የሂቦን ክንድ ያዝኩ።

ድንጋዩ ከአፉ ወጥቶ ፊቱ ባለ ሳህን ላይ ጠብ አለ፤ አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ነጣ ያለች ቢጫ ነገር። ተከትሎ ምራቁ በአፉ ሞላ፤ ሮብሌ በመሐረቡ እያበሰ ይስቃል። ጉንጩ ዓይናችን እያየ ተሟሸሸ።

ዳሂር ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ። ጣቱን ከልጁ ጉንጭ አላነሣም።

«ዒጌን አፍህን ክፈት እያልኩ እጮህበት ነበር» አለ። «አንድ ቀን እንኳ እጄን ጉንጩ ላይ አላደረግሁም።»

እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ከተጋባን ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ነገር። ባሌም ቱቦ አለው ለካ።

ካልቱን ትንሽ ታግሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ፣ አፉ ባዶ ነው። ሐላችንስ?»

«የጠየቃችሁትን ብያለሁ» አለ ዳሂር፣ ፊቱን እየጠረገ።

«ግመል አንፈልግም፤ ግመል መስለን ተዋርደንበታል።» ጣቷን ወደ ሂቦ ዘረጋች። «እሷን።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ዳሂር ወደ ሂቦ ዞረ። «እሷ ለካሳ የምትሰጥ አይደለችም። ጠይቋት።»

ሁሉም ሂቦን አየ። እሷ ሮብሌን ብቻ ነበር የምታየው። ሎሚው ገና በእጁ ነው።

«ኤሲያችንም ያንጠባጥባል» አለች። «ቤተኛ ጠጋኝ ቢኖረን መልካም ነው።»

እልል ያልኩት እኔ ነኝ ይላሉ። እኔ አላስታውስም።

ሠርጉ ሙቀቱ ሳይበርድ ሆነ። የሂቦን ልብስ እኔ ሰፋሁት። መብራት እንዳይጠፋ፣ ዓሣው እንዳይበላሽ፣ ሙሽራው ከመድረኩ እንዳይወድቅ ስሰጋ ዋልኩ፤ መብራቱ ብቻ ጠፋ፤ ሮብሌ በሙሽራ ልብሱ ወጥቶ አበራው። ሰው እየጨፈረ በላብ ራሰ፤ እኔ በእንባ ራስኩ፤ ከሙሽሮቹ ኋላ የተሰቀለው የጨርቅ ሰው ብቻ ደረቅ ነበር።

ከዚያ ማዕዱ ቀረበ። ሂቦ ከወንበሯ ተነሥታ ግማሽ ሎሚ አነሣች። ወሬውን የማያውቅ አልነበረምና ከበሮ መቺው እንኳ እጁን ያዘ። ሎሚውን ዓሣው ላይ እስኪያልቅ ጨመቀችው፤ የመጨረሻዋን ጠብታ ከንፈሩ ላይ አደረገችለት። ሮብሌ ላሰው። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አስግጎ ግራ ጉንጩን ተመለከተ።

ጉንጩ ንቅንቅ አላለም። ፈገግ ሲል ብቻ ተነሣ።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ካልቱን ባሌን አቅፋ አሽከረከረችው። ሂቦ ግንባሯን የሮብሌ ትከሻ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት፤ እንዲህ ስትስቅ ከልጅነቷ ወዲህ አላየሁም።

እኔም እልል አልኩ። እልል እያልኩ ግን በጎን ዞሬ ቀኝ ጉንጩን አየሁት። ዕጢው በሁለቱም በኩል ነው፤ ራሴ ነኝ የሰፋሁት።